ሶፊያ አሰፋ

ሶፊያ አሰፋ (የተወለደችው ኅዳር 4 ቀን 1980 ዓ.ም.) በ3,000 ሜትር መሰናክል የምትታወቅ ኢትዮጵያዊት አትሌት ናት። በዚህ ውድድር የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ስትሆን፣ በዓለም ሻምፒዮናም የነሐስ ሜዳሊያ ወስዳለች። የለንደን ኦሊምፒክ ሜዳሊያዋ መጀመሪያ ነሐስ ነበር፤ ወደ ብር የተለወጠው ከውድድሩ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሶፊያ የተወለደችው በደቡብ ወሎ፣ ተንታ ወረዳ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውድድሩ ዓይነት

በ3,000 ሜትር መሰናክል እያንዳንዷ ሯጭ 28 ደረቅ መሰናክሎችንና 7 የውሃ መሰናክሎችን ትዘላለች። የሴቶች መሰናክል ቁመት 76.2 ሴንቲ ሜትር፣ የወንዶቹ ደግሞ 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው። በ100 እና በ400 ሜትር ሩጫ ያለው መሰናክል ሲነካ ይወድቃል። የ3,000 ሜትሩ ግን ከባድ ስለሆነ አይወድቅም፤ የሚወድቀው ሯጩ ነው። ከውሃው መሰናክል በስተጀርባ 3.66 ሜትር ርዝመት ያለው ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ከመሰናክሉ ሥር ጥልቅ ሆኖ እየራቀ ሲሄድ ስለሚሳሳ፣ ርቃ የዘለለች ሯጭ ከውሃው ቶሎ ትወጣለች። ስለዚህ ጥሩ ትንፋሽ ብቻውን አይበቃም፤ የአዘላለል ችሎታና በድካም ውስጥ እርምጃን መመጠን ያስፈልጋል።

ውድድሩ ለሴቶች በዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ2005 ሄልሲንኪ ላይ፣ በኦሊምፒክ ደግሞ በ2008 ቤይጂንግ ላይ ነው።

የለንደን ኦሊምፒክ

በሰኔ 2012 ኦስሎ ላይ ሶፊያ ከኬንያዊቷ ሚልካ ቼሞስ ቀጥላ በ9 ደቂቃ ከ09.00 ሰከንድ ገባች። ይህም የኢትዮጵያ ክብረ ወሰን ሆነ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2012 በተካሄደው የለንደን ፍጻሜ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ አንደኛ፣ ቱኒዚያዊቷ ሐቢባ ግሪቢ ሁለተኛ ወጡ። ሶፊያ በ9 ደቂቃ ከ09.84 ሰከንድ ሦስተኛ ሆነች፤ ቼሞስ የገባችው በ9 ደቂቃ ከ09.88 ሰከንድ ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የሰከንድ 4 መቶኛ ብቻ ነው። ሕይወት አያሌው አምስተኛ፣ እቴነሽ ዲሮ ስድስተኛ ሆነው ጨርሰዋል።

በኋላ ዛሪፖቫ አበረታች መድኃኒት መጠቀሟ ተረጋገጠ፤ በመጋቢት 2016ም የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት የለንደን ውጤቷን ሰረዘ። በዚህም ወርቁ ለግሪቢ፣ ብሩ ለሶፊያ፣ ነሐሱ ለቼሞስ ተላለፈ። ሆኖም ሶፊያ በውድድሩ ቀን በሜዳሊያ መድረክ ላይ የቆመችው ሦስተኛ ሆና ነበር። እነዚያ 4 መቶኛ ሰከንዶች በለንደን ነሐሱን አስገኙላት፤ ውጤቱ ሲስተካከልም ብሩን ከነሐስ የለዩት እነሱ ናቸው።

ከለንደን በኋላ

በ2013 የሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ቼሞስ አንደኛ፣ ሌላዋ ኬንያዊት ሊዲያ ቼፕኩሩይ ሁለተኛ ሲወጡ፣ ሶፊያ በ9 ደቂቃ ከ12.84 ሰከንድ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች። በ2015 የቤይጂንግ ሻምፒዮና ከነሐስ ሜዳሊያ አሸናፊዋ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ተቀድማ አራተኛ ሆነች። በዚያው ዓመት ብራዛቪል ላይ በተካሄደው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደች። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ በ9 ደቂቃ ከ17.15 ሰከንድ አምስተኛ ሆና አጠናቃለች።

በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ያላት ቦታ

ኢትዮጵያ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ብዙ ኦሊምፒክ ሻምፒዮኖችን ብታፈራም፣ መሰናክል ለረጅም ጊዜ የኬንያ ውድድር ተብሎ ይታይ ነበር። ከ1968 እስከ 2016 ኬንያ በተሳተፈችባቸው ኦሊምፒኮች ሁሉ የወንዶቹን ወርቅ ወስዳለች። ከለንደን በፊት ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር የነበራት ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ያገኘው ነሐስ ነው። ሶፊያ ሁለተኛውን ያስገኘችው ከ32 ዓመት በኋላ ነበር።

የኦስሎው ክብረ ወሰኗ እስከ 2021 ቆይቶ በመቅደስ አበበ ተሻሽሏል። በ2022 የዩጂን የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ወርቅውሃ ጌታቸው የብር፣ መቅደስ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝተዋል፤ ሁለቱም የገቡት ከ9 ደቂቃ በታች ነው።