በልኩ የተሰፋ የጀልባ ሸራ

ከዋሽንግተን በስተምሥራቅ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለችው አናፖሊስ የጀልባ ከተማ ናት። ወደቧ ላይ የቆሙት የመዝናኛ ጀልባዎች ብዙዎቹ ከላይ ሸራ ለብሰዋል። ከሸራው ሥር ኮክፒቱ አለ፤ መሪው፣ መቀመጫዎቹ፣ የሞተሩ መቆጣጠሪያ ያሉበት ክፍት ስፍራ ነው። ጀልባው ሥራ ፈትቶ ሲቆም ፀሐይና ዝናብ ቀድመው የሚጎዱት ኮክፒቱን ነው።

ተሰፍቶ የሚሸጥ ሸራ በርዝመትና በወርድ ብቻ ይመረጣል። ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጀልባዎች ግን የፊት መስታወታቸው ከፍታ፣ የእጅ መደገፊያቸው ቦታ ይለያያል። ሸራው በላላበት በኩል ነፋስ ያራግበዋል፤ የሚራገብ ሸራ ደግሞ የነካውን ቀለም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። በልክ ማሰፋት ቅንጦት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስለ ጨርቁ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው አክሪሊክ ነው። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ግሌን ሬቨን ኩባንያ ሰንብሬላ የተባለውን አክሪሊክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ለገበያ አወጣ። የዚህ ጨርቅ ቀለም የሚገባው ከተሸመነ በኋላ አይደለም፤ ክሩ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና ፈሳሽ ሳለ ይቀላቀላል። ስለዚህ ፀሐይ ቶሎ አያደበዝዘውም። ቪኒል ዝናብን ጨርሶ ይከለክላል፣ ግን ከውስጥ የታፈነውንም እርጥበት አያስወጣም፤ በቼሳፒክ የበጋ ወበቅ መቀመጫው ይሻግታል። አክሪሊክ አየር ያሳልፋል። ውሃውን ግን ያንሸራትታል እንጂ ፈጽሞ አያግደውም፤ ውሃ ከተኛበት ቀስ በቀስ ያሰርጋል።

ስለዚህ እኔ ከጨርቁ ይልቅ የምጨነቀው ለሸራው ተዳፋት ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 6 ካሬ ሜትር ሸራ መሐሉ ረግቦ የ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ካጠራቀመ 180 ኪሎ ግራም ተሸከመ ማለት ነው። ያን ጊዜ ስፌቱ ይተረተራል፣ ሸራውን ከጀልባው የሚያያይዙት ቁልፎች ይነቀላሉ። ጎበዝ ሸራ ሰፊ ከሥሩ ቅስት ወይም ምሰሶ ያቆምና ውሃው ወደ ዳር እንዲወርድ ያደርጋል፤ የምሰሶው ጫፍ የሚያርፍበትን፣ የመስታወቱ ማዕዘን የሚነካውንም ቦታ በድርብ ጨርቅ ያጠነክረዋል። ከፍ ባለው ቦታ ላይ ዝናብ የማያስገባ መተንፈሻ ይተዋል። ሰፊው ስለዚህ ሁሉ ሳይጠይቅ ሜትሩን ብቻ ከዘረጋ ሌላ ሰፊ መፈለግ ይሻላል። ስለ ክሩም ይጠየቅ፤ ተራ ፖሊስተር ክር በፀሐይ ከጨርቁ ቀድሞ ይበሰብሳል። ከቴፍሎን ዘር የሆነው ክር ዋጋው ውድ ቢሆንም ዕድሜው እጅግ ይረዝማል።

ልኩ የሚወሰደው ከጀልባው ላይ ነው። ሰፊው የማይለጠጥ ፕላስቲክ ኮክፒቱ ላይ ይወጥርና በማጣበቂያ ይይዘዋል፤ ጠርዙን፣ መሐል መስመሩን፣ ስፌት የሚያልፍበትንና ቁልፍ የሚውልበትን ሁሉ ያሰምርበታል። ጨርቁ በዚያ ንድፍ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ቁልፎቹ ግን አይመቱም። ሸራው ተመልሶ ጀልባው ላይ ከተወጠረ በኋላ ከፊት መሐል ተጀምሮ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየተፈራረቀ፣ አንድ በአንድ ይመታሉ። በአንድ ወገን ብቻ ከተሄደ ሸራው ይጣመማል። በጀልባው ፋይበርግላስ ላይ ለቁልፉ መያዣ ብሎን አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አፉ በትንሹ ሰፋ ይደረጋል፤ አለዚያ ብሎኑ ሲጠብቅ የላይኛው ልባጥ ይሰነጠቃል። ቀዳዳው ውሃ በሚከለክል ማሸጊያ ይሞላል፣ ብሎኑም ከማይዝግ ብረት ይሁን። ሥራው ሞቅ ባለ ቀን ቢሆን መልካም ነው፤ በብርድ ሸራው ስለሚሰበሰብ ቁልፍ ከቁልፍ ማገናኘት ያታግላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ በአየር ይደርቃል፤ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይገባም። ዝናብ ሲመታው ጠብታው መንከባለሉን ትቶ ጨርቁን ማራስ ሲጀምር፣ ለዚሁ የተሠራ ፈሳሽ ተረጭቶበት ይታደሳል።