ከባላዶኒያ እስከ ካይጉና

(ድምፅ፦ በሻካራ አስፋልት ላይ የሚንከባለል ጎማ፤ ከሩቅ እየቀረበ የሚመጣ የጭነት መኪና)

ተራኪ፦ ኤር አውራ ጎዳና ከምዕራብ አውስትራሊያ ተነስቶ ናላርቦር የተባለውን ዛፍ አልባ ሜዳ ያቋርጣል። ባላዶኒያ ከተባለው የመንገድ ዳር ማረፊያ አለፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ 146 ኪሎ ሜትር ያህል አንዲት ኩርባ እንኳ የለውም። መኪና የያዘ ሰው እንቅልፍ እንዳይጥለው ይሰጋል። ብሪታኒያዊው ዴቭ ኮርንትዌት ግን ይህን መንገድ ያለፈው በስኬትቦርድ ነው፤ አንድ እግሩን ቦርዱ ላይ አቁሞ፣ በሌላው መሬቱን እየገፋ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ነሐሴ ላይ ከፐርዝ ተነሳ። ብሪዝበን ሲገባ ጥር 2007 ሆኗል። የሸፈነው ርቀት 5,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ለቀን ሲካፈል 37 ይደርሳል።

37 ኪሎ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ችግሩ ይህን አማካይ ይዞ ካርታው ላይ እኩል እኩል ምልክት ማድረግ ነው። ኖርስማን ከምትባለው ከተማ እስከ ባላዶኒያ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ካይጉና 182። በመካከል ሱቅ የለም፣ የውሃ ቧንቧ የለም። ቀጥሎ ኮክልቢዲ በ65 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ማዱራ ደግሞ ከዚያ 90 ያህል ርቃ። እነዚህ ስሞች ካርታው ላይ ከተማ ቢመስሉም አብዛኞቹ ነዳጅ፣ ምግብና መኝታ ያላቸው የመንገድ ዳር ማረፊያዎች ናቸው። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ከእግሩ ጉልበት በፊት ውሃው የት እንዳለ ያያል።

አጃቢ መኪና ያለው ሰው ነገሩ ይቀልለታል። ኮርንትዌት ቡድን ነበረው፤ ውሃውም ድንኳኑም በመኪና ስለሚከተል ቀኑ በመሸበት ቦታ ማደር ይቻላል። ኒውዚላንዳዊው ሮብ ቶምሰን ግን ብቻውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከስዊዘርላንድ ተነስቶ በ2008 ሻንጋይ ሲደርስ፣ 12,159 ኪሎ ሜትር ያህል በስኬትቦርድ ተጉዟል፤ ጓዙንም ራሱ ይዞ። እንዲህ ያለ ተጓዥ ረጅሙን ባዶ መንገድ ሲያቅድ የሚሸከመው ውሃ ክብደት ራሱ ፍጥነቱን እንደሚቀንስበት ማስላት አለበት።

አሜሪካዊው ጃክ ስሚዝና ሦስት ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ከኦሪገን እስከ ቨርጂኒያ በ21 ቀን አገር አቋርጠዋል። በቀን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው! ግን በቅብብል ነበር፤ አንዱ ሲገፋ ሌሎቹ ያርፋሉ። የእነሱን የቀን ርቀት ለብቻው ተጓዥ መለኪያ ማድረግ ጉልበት መጨረስ ነው።

(ድምፅ፦ ንፋስ)

ተራኪ፦ ተራው የመንገድ ካርታ የማይናገረው ብዙ አለ። አስፋልቱ ልሙጥ ይሁን ወይስ ጠጠር የተረጨበት፣ አያሳይም። ለመኪና ልዩነቱ ጩኸት ብቻ ነው፤ ለትንንሽ ጎማዎች ግን እያንዳንዱ ግፊት ቶሎ ይሞታል፣ ንዝረቱም እስከ ጉልበት ይዘልቃል። የመንገድ ጠርዝ ስፋትም እንዲሁ፤ ረጃጅም ተጎታች የሚስቡ መኪኖች ከኋላ ሲመጡ መሸሻ ያስፈልጋል። ከሳተላይት የተነሳ ምስል እዚህ ላይ ከካርታው የተሻለ ይረዳል።

ከፍታም አለ። ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው መንገዱ ማዱራ ላይ ከአምባው ወደ ሜዳው ይወርዳል፣ ዩክላ ላይ መልሶ ይወጣል። ቁልቁለት ዕረፍት የሚመስለው ለብስክሌተኛ ነው። ስኬትቦርድ ፍሬን የለውም፤ ጫማውን መሬት ላይ እየጎተተ የሚያቆም ሰው፣ ቁልቁለቱ ከረዘመ ወርዶ በእግሩ መሄድን ይመርጣል። ያ ሰዓትም ከቀኑ ዕቅድ ላይ ይቀነሳል።

ሰዓቱ ራሱ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ከካይጉና በስተምሥራቅ እስከ ምዕራብ አውስትራሊያ ድንበር ያሉት ማረፊያዎች ከፐርዝ በ45 ደቂቃ የሚቀድም የራሳቸውን ሰዓት ይከተላሉ። ድንበሩ ሲታለፍ ቢያንስ ሌላ 45 ደቂቃ ይጨመራል። ፀሐይዋ ያው ናት፤ የማረፊያው ወጥ ቤት ግን በሰዓቱ ይዘጋል፤ የፐርዝን ሰዓት ይዞ የደረሰ ተጓዥም ያለ ራት ሊያድር ይችላል።