ቤትን ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ

ላስ ቬጋስን በሌሊት መብራቷና በቁማር ቤቶቿ ብቻ የሚያውቃት ሰው፣ ከተማይቱ በአራቱም ማዕዘን ምን ዓይነት ምድረ በዳ እንደ ከበባት፣ በዚያም ምድረ በዳ ለእግረኛ፣ ለብስክሌተኛና ለጀልባ ቀዛፊ ምን ያህል ደስታ እንደ ተዘጋጀ ሳይመለከት ሊመለስ ይችላል። እኔ በዚህች ከተማ ዳርቻ፣ አርቪ እየተባለ የሚጠራውን፣ አልጋውን፣ ምድጃውንና መጸዳጃውን ተሸክሞ የሚጓዘውን መኪና እየፈታሁና እየገጠምሁ የምኖር መካኒክ ስለ ሆንሁ፣ ወገኖቻችን ከሎስ አንጀለስ፣ ከዴንቨር፣ ከሲያትልም ሳይቀር ቤተሰባቸውን ጭነው ሲመጡ፣ ከመኪናቸው ጋር የጉዟቸውንም ዕቅድ አብሬ አያለሁ። በዕቅዱ ላይ የሚጎበኙት ቦታዎች ስም በቅደም ተከተል ተጽፏል፤ መኪናው ስንት ኪሎ እንደሚሸከም፣ ውሃው ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደምትበረታ ግን አልተጻፈም። በእኔ አስተያየት የበረሃ ጉዞ መታቀድ ያለበት ከዚህ ካልተጻፈው ነው፤ የቦታዎቹ ምርጫ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ከሁሉ የሚቀድመው የወቅት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 የከተማይቱ ሙቀት 120 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለት 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሶ፣ እስከዚያ ቀን ከተመዘገበው ሁሉ በልጧል። በእንዲህ ያለው ሐሩር የአርቪው የጣሪያ ማቀዝቀዣ ሌት ተቀን ቢሠራ እንኳ የውስጡን አየር ከውጩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ዝቅ ማድረግ ከቻለ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ልጆችንና አረጋውያንን ይዞ ለሚመጣ ሰው የተመቹት ወራት ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ያሉት ናቸው፤ በታኅሣሥና በጥር ቀኑ ደስ የሚል ቢሆንም ሌሊቱ ውሃ እስከሚያረጋ ድረስ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል፣ የውሃ መሳቢያውን ቱቦ ከውጭ ተዘርግቶ ማሳደር አይገባም። የመጋቢትና የሚያዝያ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛልና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ምእመን ረጅሙን የእግር ጉዞ ከፋሲካ በኋላ ቢያደርገው፣ ወይም በጾሙ ቀን በመኪና የሚታየውን ቢመርጥ፣ ለሥጋውም ለነፍሱም ይበጃል።

ከወቅት ቀጥሎ የሚመጣው ክብደት ነው። በየአርቪው መግቢያ በር አጠገብ፣ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ኪሎ እንዳይበልጥ የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል፤ ያው ወረቀት የውሃ ጋኑ ሲሞላ ስንት ኪሎ እንደሚጨምርም ይገልጻል። ይህን ወረቀት አንብቦ የሚመጣ ደንበኛ እጅግ ጥቂት ነው። ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና፣ 150 ሊትር የሚይዝ ጋን ሞልቶ የሚነሣ ሰው፣ ሁለት ጎልማሶች ተጨማሪ እንደ ጫነ ይቁጠረው። በቅርቡ አንድ የቤተሰብ አባት የሞተር ዘይት ሊያስቀይር መጥቶ ሳለ፣ አማቱ ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት፣ አንዱን በሌላው ላይ አስደርድረው በኋለኛው በር በኩል ሲያስጭኑ አየሁ። «እማማ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ለምንድን ነው?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ በረሃ ነው ስትሉ ሰምቼ ነዋ!» አሉኝ። ከቤተሰቡ ሁሉ ስለ ውሃ ያሰቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል የመጠጥ ውሃ መያዝ የበረሃ ደንብ ነውና ሐሳባቸው ትክክል ነበር። ስለዚህ ጀሪካኖቹን ወደ መካከል አምጥተን ከወለሉ ጋር አሰርናቸው፤ በምትኩ የመታጠቢያውን ጋን ግማሽ ድረስ አፈሰስነው፤ ማደሪያው ሲደርሱ ከቧንቧ ይሞሉታልና።

አባትየው ግን ልቡ ያረፈው በጎማው ላይ ነበር። «ወንድሜ፣ ጎማው ምንም አልሆነም፤ ጥርሱን ተመልከት፣ አልተላጨም» አለኝ። እኔም ተንበርክኬ የጎማውን ጎን በጨርቅ ጠርጌ፣ በእንቁላል ቅርጽ መስመር የተከበቡትን አራት አኃዞች አሳየሁት፤ 1415 ይላል። የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን የሚያመለክቱ ስለ ሆኑ፣ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2015 በ14ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ከጥርሱ በላይ፣ በጎኑ በኩል፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ዙሪያውን ይዞታል። «እንዴ! ብዙ እኮ አልተነዳም፤ ግቢ ቆሞ ነው የኖረው» ቢል፣ ያረጀውም ከባድ ቤት ተሸክሞ በፀሐይ በመቆሙ መሆኑን አስረዳሁት። አርቪ ከዓመቱ አብዛኛውን ቆሞ የሚከርም ነውና፣ ጎማው ከመላጨቱ በፊት ያረጃል፤ አምስት ዓመት ያለፈውን በየዓመቱ ማስመርመር፣ አሥር ዓመት የሞላውን ደግሞ መልኩ ቢያምርም መጣል ይገባል። ንፋሱንም መለካት የሚገባው ጧት መኪናው ሳይነዳ ነው፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ስለሚያድግ፣ በቀትር አስፋልት ላይ የጋለውን ጎማ «ንፋስ በዝቶበታል» ብሎ የሚያስተነፍስ ሰው፣ ማታ ጎማው ሲበርድ ንፋስ አንሶት ያገኘዋል፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ጭነት ሲበዛበት ግሎ ይፈነዳል።

ከሎስ አንጀለስ የሚመጣው መንገድ 435 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የመኪናው እውነተኛ ፈተና ቤከር ከምትባለው ትንሽ ከተማ በኋላ ይጀምራል። በዚያች ከተማ 134 ጫማ ቁመት ያለው የሙቀት መለኪያ ቆሟል፤ ቁመቱም በአቅራቢያዋ ባለው በሞት ሸለቆ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1913 የተመዘገበውን 134 ዲግሪ ፋራናይት ለማስታወስ የተመረጠ ነው። መንገዱ ከባሕር ጠለል በላይ 280 ሜትር ገደማ ካለው ከዚህ ስፍራ ተነሥቶ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ወደ 1,200 ሜትር ይወጣል፤ በዳገቱም ላይ ሾፌሮች ማቀዝቀዣቸውን እንዲያጠፉ የሚያሳስቡ ምልክቶች ተተክለዋል። ይህን ዳገት በቀትር የሚወጣ ባለ ከባድ አርቪ ሞተሩ ሲፈላበት ጥፋቱን በመኪናው ላይ ያላክካል እንጂ በመነሻ ሰዓቱ ላይ አያስብም። ከሎስ አንጀለስ ገና ሳይነጋ በአሥር ሰዓት የተነሣ ግን ዳገቱን ከረፋዱ በፊት ይጨርሰዋል፤ ቁልቁለቱንም ፍሬን ላይ ሳይቆም፣ በከባድ ማርሽ ይዞ ይወርደዋል።

ከተማው ሲደርሱ ማደሪያውን የሚመርጡት በኤሌክትሪኩ መጠን ነው። 30 አምፔር ያለው መሰኪያ 3,600 ዋት ብቻ ይሰጣል። አንድ የጣሪያ ማቀዝቀዣ 1,500 ዋት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌላ 1,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በዚህ ላይ ማይክሮዌቭ ሲጨመር መቆጣጠሪያው ይወርድና ቤቱ ይጨልማል። እንጀራ ጋግሮ የሚመጣ፣ ወይም ጧት ገና ሳይሞቅ የሚጋግር ቤተሰብ፣ ይህ ችግር አይደርስበትም።

ከዚህ በኋላ የሚጎበኙት ስፍራዎች የየራሳቸውን ሰዓት ይዘው ይመጣሉ። ከመሀል ከተማ በስተ ምዕራብ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሬድ ሮክ ካንየን፣ ቀይ ቋጥኞቹን የሚዞረው 21 ኪሎ ሜትር መንገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳ ሲሆን፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 በኛ አቆጣጠር ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ለመግባት አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ መኪና ማቆሚያዎቹም ጠባብ ናቸውና፣ ትልቁን አርቪ ማደሪያው ትቶ በትንሽ መኪና መግባት ይሻላል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ የዚያ አሸዋማ ድንጋይ ጥንካሬው ስለሚቀንስ፣ እስኪደርቅ ድረስ ቋጥኝ መውጣት አይገባም። በስተ ሰሜን ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ቫሊ ኦቭ ፋየር ደግሞ የጥንት ነዋሪዎች በድንጋይ ላይ የቀረጹት ሥዕል የሚታይበት፣ ለአርቪም ማደሪያ ያለው ስፍራ ነው። ረጅም መሄድ ለማይችሉ አረጋውያን የምመክረው፣ የሁቨር ግድብ ሲሠራ ባቡር ያልፍባቸው የነበሩትን አምስት ዋሻዎች አቋርጦ በሚድ ሐይቅ ዳር የሚሄደውን ሜዳማ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመረቀውና 221 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ ከዚያ በኋላ በቅርብ ይታያል። ማናቸውም የእግር ጉዞ ከአራት ሰዓት በፊት ቢፈጸም፣ ቀትሩንም በጥላ ቢያሳልፉት መልካም ነው።

በዓመት 106 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚዘንብባት ከተማ ጎርፍ አያሰጋትም ብሎ ማሰብም አይገባም። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር በሩቅ ተራራ የጣለ ዝናብ፣ ሰማዩ በጠራበት ሸለቆ ውስጥ በደቂቃዎች ደራሽ ሆኖ ይመጣል፤ በድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰውን ኀዘን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ሌላ አስተማሪ አያሻውም። ደረቅ የወንዝ ወለል ላይ አርቪ አቁሞ ማደር ስለዚህ አይገባም።

ወደዚህ በረሃ ለመምጣት የምታስቡ ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ፤ ወደ ጋራዥ የምትመጡት በመነሻችሁ ዋዜማ አይሁን። ለአርቪ የሚሆን ጎማ በማናቸውም ሱቅ ተዘጋጅቶ አይገኝም፤ ታዝዞ እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ቺንጋውንና ራዲያተሩን አስመርምሩ፤ ቤተሰባችሁንና ዕቃችሁን ጭናችሁም መኪናውን በሚዛን ላይ አቁሙ።