ሲልቨርስቶን ሰው ሞልቶበት ለምን ከሰረ?

ፎርሙላ ዋን የምትወዱ ወዳጆቼ፣ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የዚህ ስፖርት የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ውድድር የተካሄደው በእንግሊዝ አገር፣ ሲልቨርስቶን በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማረፊያ ነበር። ዛሬ መርሴዲስና ሬድ ቡል መኪናቸውን የሚሠሩት ከዚያው ብዙም ሳይርቁ ነው፤ የአስተን ማርቲን ፋብሪካማ በሩ ፊት ለፊት ነው ያለው። ተመልካቹም ስፖርቱን ከልጅነቱ የሚያውቅ ነው፤ ዝናብ ቢዘንብም ይመጣል። ታዲያ ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ከ2019 በኋላ ውድድሩን አላስተናግድም ብሎ ከውሉ ለመውጣት የወሰነው ለምንድን ነው?

መልሱን ሳገኘው በጣም ገረመኝ፤ እናንተም ሰምታችሁት ውድድሩን በሌላ ዓይን እንድታዩት እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ማን ለማን እንደሚከፍል እንይ። ብዙ ሰው ፎርሙላ ዋን ሜዳውን ተከራይቶ የሚወዳደር ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ውድድሩ እንዲመጣለት አስተናጋጁ በየዓመቱ ለፎርሙላ ዋን ይከፍላል። አንድ የአዳራሽ ባለቤት ታዋቂ ዘፋኝ ሲያስመጣ አስቡት። ዘፋኙ ክፍያውን በቅድሚያ ይቀበላል። ኮንሰርቱን የሚቀርጸው ጣቢያ የሚከፍለው ገንዘብም የዘፋኙ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለው ማስታወቂያም የእሱ ነው፤ የክቡር እንግዶች ጠረጴዛ ገቢም ወደ እሱ ይሄዳል። ለባለ አዳራሹ የሚተርፈው በር ላይ የሚሸጠው ቲኬት ነው። የአውቶሞቢል ውድድሩም ልክ እንዲሁ ነው የሚሠራው፦ የቴሌቪዥን መብቱ፣ በቴሌቪዥን የምታዩት የመንገድ ዳር ማስታወቂያ፣ ፓዶክ ክለብ የሚባለው የሀብታሞች መስተንግዶ በአብዛኛው የፎርሙላ ዋን ገቢ ናቸው። አስተናጋጁ ቲኬት፣ ምግብና መጠጥ፣ የመኪና ማቆሚያና የድንኳን ቦታ ይሸጣል። ከዚያ ላይ ክፍያውን፣ ጊዜያዊ መቀመጫዎቹን፣ ጥበቃውን፣ ሕክምናውንና የትራፊክ ማስተናበሩን ይሸፍናል።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነው። የሲልቨርስቶን ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1928 የተመሠረተ የእሽቅድምድም አሽከርካሪዎች ክለብ ነው። ክለቡ ከ2010 ጀምሮ የሚጸና የ17 ዓመት ውል ፈረመ። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 11.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ይህን መክፈል ይቻላል። ውሉ ውስጥ ግን ክፍያው በየዓመቱ በ5 በመቶ ይጨምራል የሚል አንቀጽ ነበር። 5 በመቶ ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ ጭማሪው ግን የሚሰላው ባለፈው ዓመት ክፍያ ላይ ነው። ካልኩሌተር ይዛችሁ 11.5ን በ1.05 እያባዛችሁ ሂዱ። ሰባት ጊዜ ስታባዙ 2017 ላይ ትደርሳላችሁ፤ 16.2 ሚሊዮን ይሆናል። እስከ 2026 ብትቀጥሉ 25 ሚሊዮን ያልፋል፤ ከመነሻው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ሜዳው ግን ያው ነው፤ መቀመጫው በእጥፍ አይጨምርም፤ የእንግሊዝ ሠራተኛ ደመወዝም በዚያ ፍጥነት አያድግም። ስለዚህ በየዓመቱ ቲኬቱን ማስወደድ ግድ ይሆናል፤ ቲኬቱ ሲወደድ ደግሞ ልጆቹን ይዞ የሚመጣው አባት ይቀራል።

ክለቡ ራሱ እንዳስታወቀው በ2015 ውድድር 2.8 ሚሊዮን፣ በ2016 ደግሞ 4.8 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰረ። ያን ሁሉ ሕዝብ አስተናግዶ ነው የከሰረው! በ2011 «ዊንግ» የተባለውን አዲስ ሕንፃ ለማሠራት 27 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አውጥቶ ነበር። በ2013 ደግሞ በዙሪያው ያለውን የኢንዱስትሪ መሬት ለ999 ዓመት በሊዝ አስተላልፎ 32 ሚሊዮን ፓውንድ አገኘ። እኔ ይህን ሳነብ ያዘንኩት፣ መሬት አንዴ ከተላለፈ በኋላ ለቀጣዩ ዓመት ክፍያ ምን ይሸጣል ብዬ ነው።

የአየሩ ጠባይም ያለው በአስተናጋጁ ትከሻ ላይ ነው። በ2000 ውድድሩ ከተለመደው የበጋ ወር ወጥቶ በሚያዝያ፣ በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን እንዲሆን ተደረገ። ዝናቡ አላቋረጠም። መኪና ማቆሚያ የነበረው የሣር ሜዳ ረግረግ ሆነ፤ ጎማዎች ጭቃ ውስጥ ተቀረቀሩ። ቅዳሜ ዕለት አዘጋጆቹ ቲኬት የገዛውን ሕዝብ እባካችሁ አትምጡ እስከማለት ደረሱ። በሚያዝያ ይሁን ያለው አስተናጋጁ አልነበረም፤ ወቀሳውና ወጪው ግን እሱን ነው ያገኘው።

ታዲያ ክፍያው ይህን ያህል ከከበደ ለምን ተከራክሮ አያስቀንስም ትሉ ይሆናል። መከራከር የሚቻለው ሌላ ተጫራች ከሌለ ነው። በ2008 የያኔው የፎርሙላ ዋን አለቃ በርኒ ኤክልስተን የእንግሊዝን ውድድር ከ2010 ጀምሮ ዶኒንግተን ለሚባል ሌላ ሜዳ ሰጠው። ዶኒንግተን ለግንባታው 135 ሚሊዮን ፓውንድ በቦንድ ሊሰበስብ አቅዶ ነበር፤ ጊዜው ግን የዓለም ባንኮች የተናወጡበት ነበርና ገንዘቡ አልተገኘም። ግንባታው ተጀምሮ ስለነበር መንገዱ በከፊል ተቆፍሮ ቀረ፤ ሜዳውን የሚያስተዳድረው ኩባንያም ከሰረ። ሲልቨርስቶን ያን የ17 ዓመት ውል የፈረመው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2009፣ ውድድሩ ከአገሩ እንዳይወጣ በሚል ጭንቀት ውስጥ ሆኖ ነው።

ዋጋውን ወደ ላይ የሚገፉት ግን በዋናነት መንግሥታት ናቸው፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ባህሬን፣ አቡ ዳቢ፣ አዘርባጃን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ከቲኬት ትርፍ አይጠብቁም። አገራቸው በዓለም ቴሌቪዥን እንድትታይ፣ ሆቴሉና አየር መንገዱ እንዲሞላ ይፈልጋሉ። አቡ ዳቢ የምትኖሩ ወገኖቻችን ያስ ደሴት በውድድሩ ሰሞን ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። በአውስትራሊያም የሜልቦርን ውድድር የቪክቶሪያ ግዛት ድጎማ አለው። የብሪታንያ መንግሥት ግን ለሲልቨርስቶን የማስተናገጃ ክፍያ አይደጉምም። ስለዚህ ከቲኬት የሚኖር ክለብ፣ በጀት ካለው መንግሥት ጋር በአንድ ጨረታ ይቀመጣል።

ለነገሩ መንግሥትም ቢሆን ይደክመዋል። ማሌዥያ ከ1999 ጀምራ ሴፓንግ ላይ ስታስተናግድ ቆይታ በ2017 አቆመች፤ ወጪው እየጨመረ ተመልካቹ እየሳሳ ሄዶባት ነበር። ደቡብ ኮሪያ ከዋና ከተማዋ ርቆ በሚገኘው በዮንጋም ሜዳ ሠርታ ከ2010 እስከ 2013 አራት ጊዜ ብቻ አስተናገደች። ጀርመን ራሷ፣ የእነ ሹማከር አገር፣ ከ2019 ወዲህ የጀርመን ግራንድ ፕሪ የሚባል ውድድር አላካሄደችም።

ሲልቨርስቶን ግን ተረፈ። በ2017 መጀመሪያ ፎርሙላ ዋንን የአሜሪካው ሊበርቲ ሚዲያ ገዝቶ ኤክልስተን ከሥልጣን ወርዶ ነበር፤ ክለቡ ከውሉ የመውጣት መብቱን የተጠቀመው ከዚያ በኋላ በሐምሌ ነው። አዲሱ ባለቤት ስፖርቱ የተወለደበትን ሜዳ አጥቶ ሥራ መጀመር አይመቸውም ነበር። በሐምሌ 2019 እስከ 2024 የሚያቆይ አዲስ ውል ተፈረመ፤ በየካቲት 2024 ደግሞ እስከ 2034 ተራዘመ። በመሃሉ ኔትፍሊክስ ላይ ስለ ፎርሙላ ዋን የወጣው ተከታታይ ፊልም አዲስ ተመልካች አመጣ። ሲልቨርስቶንም በበኩሉ ውድድሩን የአራት ቀን ፌስቲቫል አድርጎ ሙዚቃና የካምፕ ሕይወት ጨመረበት፤ በ2023 በአጠቃላይ 480 ሺህ ገደማ ሰው እንደገባ ተነግሯል። በእኔ ግምት ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፦ በር ላይ የሚሸጠው ሁለት ሰዓት የማይሞላ እሽቅድምድም ብቻ መሆኑ ቀረ።

ይህን ሁሉ ማወቅ የሚጠቅመን አሁን ወሬው ወደ አህጉራችን ስለመጣ ነው። አፍሪካ ውስጥ ፎርሙላ ዋን ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1993 በደቡብ አፍሪካው ክያላሚ ነው። በታኅሣሥ 2024 ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜ ሩዋንዳ ለማስተናገድ እንደምትወዳደር ኪጋሊ ላይ በይፋ ተናግረዋል። አፍሪካ ውስጥ ውድድሩን ለማየት ከሚጓጉት አንዱ ነኝ። ውሉ የሚፈረምበት ቀን ከመጣ ግን በመጀመሪያ የማየው በየዓመቱ ስንት በመቶ እንደሚጨምርና የመንገድ ዳሩ ማስታወቂያ ለማን እንደተሰጠ ነው።