ስለ ኦሪት ሕግና ስለ ባለ እጆች

ኦሪት ማለት እግዚአብሔር በሙሴ እጅ ለእስራኤል ልጆች የሰጠው ሕግ ነው። አይሁድ በዕብራይስጥ ቋንቋ ቶራ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ትምህርት ማለት ነው። የሕጉ መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ እነርሱም ዘፍጥረት፥ ዘጸአት፥ ዘሌዋውያን፥ ዘኍልቍና ዘዳግም ናቸው። በኢትዮጵያ ግን ኢያሱ፥ መሳፍንትና ሩት ከአምስቱ ጋር ተቈጥረው ስምንቱ ሁሉ ኦሪት ተብለው ይጠራሉ።

በሌላው ዓለም የሚኖሩ አይሁድ በጸሎት ቤታቸው የሚያነቡት ኦሪት በረጅም ብራና ላይ ተጽፎ በሁለት እንጨት የሚጠቀለል ነው። ጸሐፊው ከሌላ መጽሐፍ እያየ ፊደሉን ሁሉ በእጁ ይጽፋል፤ ቃሉን በልቡ ቢያውቀውም ሳያይ መጻፍ አልተፈቀደለትም። በጥቅሉ ውስጥ 304,805 ፊደላት አሉ። ከዚህ ሁሉ አንድ ፊደል ቢጐድል እስኪታረም ድረስ በጉባኤ አይነበብበትም። መጽሐፉ የሚቀመጠው ወደ ኢየሩሳሌም በሚመለከተው ግድግዳ በኩል ባለ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሲወጣ ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ ይቆማል። አንባቢውም ብራናውን በባዶ እጁ አይነካውም፤ በትንሽ ዘንግ እየጠቆመ ያነባል። በየቅዳሜው አንድ አንድ ክፍል እየተነበበ በዓመት ይፈጸማል፤ በተፈጸመበትም ቀን በደስታ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። መጽሐፉ አርጅቶ የማይነበብ በሆነ ጊዜ አይጣልም፤ እንደ ሰው በመቃብር ስፍራ ይቀበራል።

በኢትዮጵያም ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይህን ሕግ የጠበቁ ሰዎች ነበሩ። እነርሱም በስሜን፥ በወገራ፥ በደምብያና በትግራይ ይኖሩ ነበር። ሌሎች ሰዎች ፈላሻ ይሏቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ይህን ስም አይወዱትም፥ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ብለው ይጠራሉ። ኦሪታቸው በግዕዝ የተጻፈ ነው፤ እንደ ሌሎቹ አይሁድ መጽሐፍም የሚጠቀለል አይደለም። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ አድባራት እንደሚታየው የብራና መጽሐፍ፥ በተፋቀ ቆዳ ላይ በመቃ ብዕር ተጽፎ የተጠረዘ ነው። ግዕዙን የሚያውቁ ቄሶቻቸው ነበሩ፤ ቄሱ በግዕዝ አንብቦ ለሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጕምለት ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ፊደል ሳይቈጥር ሕጉን በጆሮው ሰምቶ በሥራው ይጠብቅ ነበር።

ከሕጉ ሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት ሰንበትን ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እህሉ ይበስላል፥ ውኃው ይቀዳል፥ እንጨቱ ይለቀማል፤ ከዚያም እሳቱ ይጠፋል። ቅዳሜ ቀን የሚበላው የቀዘቀዘ ምግብ ነው። ጌታም ሎሌም፥ እንስሳም ሳይቀር በዚያ ቀን ያርፋል።

ይህ የሰንበት ነገር በሸዋ ምድርም የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ቅዳሜ መከበር ታላቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመንዝ ጎረቤት በተጉለት፥ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ፤ በዚያም ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ። የሸዋ ገበሬ ቅዳሜን ቀዳሚት ሰንበት ብሎ ሲጠራ፥ ሳያውቀው የኦሪትን ሕግ ያስባል ማለት ነው።

ቤተ እስራኤል በዓመት አንድ ጊዜ የሚያከብሩት ስግድ የሚባል በዓል አላቸው። ስግድ ማለት ስግደት ማለት ነው። በዓሉ ከማስተስረያ ቀን በኋላ በሃምሳኛው ቀን ይውላል። በዚያ ቀን ሕዝቡ ሰውነቱን ታጥቦ ነጭ ልብስ ለብሶ እየጾመ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶቹም ኦሪትን ይዘው ይሄዳሉ። ተራራው የሲናን ተራራ ያሳስባቸዋል። በላይ ሆነው ሕጉ እንዴት እንደ ተሰጠ ይነበባል፥ ይሰገዳል፥ ስለ ኢየሩሳሌምም ይጸለያል። ከቀትር በኋላ እየዘመሩ ወርደው በአንድነት ይበላሉ።

እነዚህ ሰዎች በዓለም ላይ ከእነርሱ በቀር ሌላ አይሁዳዊ ያለ አይመስላቸውም ነበር። በ1860 ዓ.ም. ዮሴፍ ሃሌቪ የሚባል ሊቅ ከፈረንሳይ አገር መጥቶ እኔም እንደ እናንተ ነኝ ባላቸው ጊዜ፥ ቆዳው ነጭ ስለ ሆነ አላመኑትም። ነገር ግን ኢየሩሳሌም የሚለውን ስም በአፉ በጠራ ጊዜ ልባቸው ተለወጠና አቅርበው ስለዚያች ከተማ ይጠይቁት ጀመር።

ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተነሡ። ብዙዎቹ ሌሊት ሌሊት በእግራቸው እየተጓዙ ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና በስደተኞች ሰፈርም ወደ አራት ሺህ የሚሆኑ በረኀብና በበሽታ ሞቱ። ከተረፉት ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ተሻገሩ። በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል መንግሥት ስግድን የአገር በዓል እንዲሆን በሕግ ደነገገ። በተራራ ላይ በጥቂቶች ይከበር የነበረው በዓል ዛሬ በኢየሩሳሌም ይከበራል።

በአገራቸው ሳሉ ግን ብዙ መከራ አይተዋል። በቀድሞ ዘመን ርስት ስለ ተከለከሉ የብዙዎቹ ኑሮ በእጅ ሥራ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፥ ሸማ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹም ሸክላ ይሠሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ግን ሥራቸውን እየተጠቀሙ ቡዳ ናቸው እያሉ ይሸሿቸው ነበር። በሰሜን ሸዋና በአዲስ አበባ በቀጨኔም ቤተ አብርሃም የሚባሉ ባለ እጆች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎች ከቤተ እስራኤል ወገን እንደ ሆኑ ይናገራሉ። እነርሱንም ያገኛቸው ንቀት ከዚህ የተለየ አይደለም።

እስኪ ይታሰብ። የደጋ ገበሬ ገብሱን የሚዘራው ቀጥቃጭ በሠራው ማረሻ ነው፤ የሚያጭደውም ቀጥቃጭ በሠራው ማጭድ ነው። ሚስቱ ውኃ የምትቀዳበት እንስራና እንጀራ የምትጋግርበት ምጣድ ከሸክላ ሠሪ የተገዙ ናቸው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፥ ይህን ሁሉ የሠራውን ሰው ግን በማዕዱ አያስቀምጠውም፤ ልጁም በታመመ ጊዜ፥ ቀጥቃጩ በዓይኑ በላው ብሎ ይከሰዋል። በሽታ ግን ከሰው ዓይን አይመጣም፤ ንጹሕ ካልሆነ ውኃ፥ ከተባይና ከመሳሰለው ነው የሚመጣው።

ኦሪት ስለ ባለ እጆች ምን ያስተምራል? በዘጸአት መጽሐፍ እንደ ተጻፈ፥ የእግዚአብሔር ድንኳን በሚሠራበት ጊዜ ባስልኤልና ኤልያብ ተመረጡ። ባስልኤል ወርቅና ብር ናስም የሚሠራ፥ እንጨትም የሚጠርብ ሰው ነበር። መጽሐፉም ይህን ጥበብ ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተቀበለ ይናገራል፤ የሸማኔውንም ጥበብ ከዚያው ይቈጥረዋል። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ታቦትን የሚያከብር ሰው፥ የመጀመሪያውን ታቦት የሠራው ባለ እጅ እንደ ሆነ ያስብ። ደግሞም ኦሪት እስራኤል በግብፅ ስደተኞች እንደ ነበሩ እያሳሰበ ስደተኛን መውደድ ያዝዛል።

ልጆች ሆይ፥ አይሁድ አንዲት ፊደል ከመጽሐፋቸው እንዳትጐድል ይጠነቀቃሉ። ፊደልን መጠበቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፊደሉ ሁሉ ተጠብቆ ፍቅር ቢጐድል ሕጉ አልተጠበቀም። ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ የሚማር፥ ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጋር እንጀራውን ቈርሶ የሚበላ ልጅ፥ ኦሪትን ገና አንብቦ ባይጨርስ እንኳ ሕጉን መፈጸም ጀምሯል።