የድንጉላ ገበያ፦ ክፍያው ይቀድማል፣ ሽያጩ ይዘገያል

የአየርላንዷ ቲፐራሪ የታወቀች የገበሬ አገር ናት። ሀብቷ ሣር፣ ወተትና ከብት ነው። በዚችው ክፍለ ሀገር ፌዘርድ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ግን ከዓለም ታላላቅ የእሽቅድምድም ፈረስ እርባታ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ኩልሞር ይገኛል። የድርጅቱ ዋና ገቢ የሚመጣው ፈረስ ከመሸጥ አይደለም። ለገበያ የሚያቀርበው የዘር ሐረጉ የተመዘገበ ድንጉላ በአንድ የመራቢያ ወቅት የደንበኛን ባዝራ እንዲያጠቃ የሚያስችለውን መብት ነው። በንግዱ ቋንቋ «ኖሚኔሽን» ይባላል። ባለብዙ ሚሊዮኑ የዓረብ ልዑልም ሆነ አንዲት ባዝራ ያለችው የአካባቢው ገበሬ የሚገዙት ይህንኑ ነው።

ዋጋው ለምን እንዲህ ይከብዳል? በአገራችን የወተት ላም ያለው ሰው ከምርጥ ኮርማ የተወሰደ አባላዘር በአዳቃይ ቴክኒሻን አማካይነት ባለበት ያገኛል፤ የአንድ ኮርማ ዘር በሺዎች ለሚቆጠሩ ላሞች ይከፋፈላልና ርካሽ ነው። «ቶሮብሬድ» በሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዘንድ ግን ይህ ክልክል ነው። የዘር መዝገቡ በሰው ሠራሽ ዘዴ የተፀነሰ ውርንጭላ አይቀበልም፤ ያልተመዘገበ ደግሞ በሕጋዊ እሽቅድምድም አይሮጥም። ስለዚህ ባዝራይቱ በመኪና ተጭና ወደ ድንጉላው መሄድ አለባት። እጥረቱን ያመጣው ተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን ደንብ ነው፣ ዋጋውን የሚጠብቀውም ይኸው ደንብ ነው። የዱባዩ ገዢ የሼክ መሐመድ ድርጅት እንግሊዝ አገር ኒውማርኬት ላይ ያቆመው ዱባዊ የተባለ ድንጉላ በ2024 ለአንዲት ባዝራ 350 ሺህ ፓውንድ ይጠየቅበት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ገበሬው የሚደርስባቸው ድንጉሎች ግን በጥቂት ሺህ ዩሮ የሚቀርቡት ናቸው።

ድሮ አንድ ድንጉላ በዓመት የሚያጠቃው አርባ ያህል ባዝራ ነበር። የአክሲዮን ክፍፍሉም በዚሁ ልክ አርባ ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ የእንስሳት ሐኪሞች በአልትራሳውንድ ባዝራዋ የምትፀንስበትን ሰዓት በትክክል መለየት ስለቻሉ ቁጥሩ አድጎ ተፈላጊ ድንጉሎች ከ150 በላይ ያስተናግዳሉ። ለምሳሌ በ20 ሺህ ዩሮ ሒሳብ 150 ባዝራ ማለት 3 ሚሊዮን ዩሮ ነው። (ባዝራዋ መፈለግ አለመፈለጓን የሚፈትሸው ዘር የሌለው፣ «ሞካሪ» የሚሉት ሌላ ፈረስ ነው። ልመናውን እሱ ይለምናል፣ ሲሳካለት ግን ይዘውት ይወጣሉ።)

ለነጋዴ ትልቁ ቁም ነገር የክፍያው ውል ነው። በአየርላንድ የተለመደው «ኦክቶበር 1» የሚባለው ነው፤ ባዝራዋ በዚያ ቀን ያረገዘች ከሆነ ሙሉው ሒሳብ ይከፈላል፣ ባዶ ከሆነች በሐኪም ወረቀት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ብታስወርድ ኪሳራው የገበሬው ነው። በአሜሪካ ኬንታኪ የሚዘወተረው ውል ለባለ ባዝራው ይሻላል። ውርንጭላው ተወልዶ፣ በእግሩ ቆሞ እስኪጠባ ድረስ ክፍያ አይጠየቅም። ሦስተኛው ዓይነት «ዋስትና የለሽ» ነው፤ ጸነሰች አልጸነሰች ገንዘቡ አይመለስም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኖርዘርን ዳንሰር የተባለው ዝነኛ ድንጉላ በዚህ ዓይነት ውል እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተጠይቆበታል።

አደጋው ያለው በክፍያውና በሽያጩ መካከል ባለው ጊዜ ነው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ታረግዛለች፤ ውርንጭላው የተለመደው ጨረታ ላይ የሚቀርበው ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። በ2007 የጸደይ ወራት፣ ገበያው በጦፈበት ጊዜ፣ ባዝራውን ያስጠቃ የአየርላንድ ገበሬ ሒሳቡን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ከፈለ። ውርንጭላው በ2008 ተወለደ፣ ለጨረታ የቀረበው ግን በ2009 መከር ነው። በመካከሉ የአሜሪካ ባንኮች ወደቁ፣ የአየርላንድም የቤትና የመሬት ገበያ ፈረሰ። ገበሬው የከፈለው በጥጋቡ ዘመን ዋጋ፣ የሸጠው በረሃቡ ዘመን ዋጋ ሆነ። መኖ፣ ሐኪም፣ ጫማ መቺና መጓጓዣ ሲጨመር የድንጉላውን ሒሳብ እንኳ ያልመለሱ ብዙዎች ነበሩ። በ2007 ከ12 ሺህ በላይ የነበረው የአገሪቱ የቶሮብሬድ ውርንጭላ ቁጥር በ2012 ከ8 ሺህ በታች መውረዱ ስንቱ ከሥራው እንደወጣ ይናገራል። የድንጉላ ባለቤቶችም ዋጋ መቀነስ ግድ ሆነባቸው። ከ1969 ጀምሮ ከገቢ ግብር ነፃ የነበረው የድንጉላ ገቢም በአውሮፓ ኮሚሽን ግፊት ይህን መብት ያጣው በዚያው በ2008 አጋማሽ ነው።

በድንጉላ ላይ አክሲዮን የሚገዛ ባለሀብት ደግሞ የመድን ውሉን ጥቃቅን ፊደል ማንበብ ይኖርበታል። በ1981 የእንግሊዙን ደርቢ ያሸነፈው ሸርጋር እያንዳንዳቸው 250 ሺህ ፓውንድ በሆኑ 40 አክሲዮኖች ተከፍሎ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ተተምኖ ነበር። አንድ የመራቢያ ወቅት ብቻ እንደሠራ፣ በፌብሩዋሪ 1983 ጭምብል ያጠለቁ ታጣቂዎች ኪልዴር ካለው በረቱ ወሰዱት፤ እስከዛሬም አልተገኘም። የስርቆት ዋስትና የገዙት ካሳ አገኙ። የሞት ዋስትና ብቻ የነበራቸው ግን ሬሳው ስላልተገኘ መሞቱን ማስረዳት አልቻሉም። ሲጋር የተባለው የአሜሪካ ሻምፒዮን ደግሞ በ1996 ከሩጫ ተሰናብቶ 34 ባዝራዎች ቢቀርቡለት አንዲቱም አላረገዘችም። መድን ሰጪው 25 ሚሊዮን ዶላሩን ከፍሎ ፈረሱን ተረከበ።

መካን ያልሆነም ድንጉላ ቢሆን ዋጋው በአንድ ቦታ አይቆምም። በመጀመሪያው ዓመት ዝናው ትኩስ ነውና በውድ ይጠየቃል። ልጆቹ ሮጠው የሚታዩት ግን በአራተኛው ዓመት ነው። ስለዚህ ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት ገዢ የሚያመነታበት፣ ዋጋም የሚወርድበት ነው። ደፋር ገበሬ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው፤ ልጆቹ ማሸነፍ ከጀመሩ በርካሽ ያስጸነሰው ውርንጭላ ጨረታው ላይ ሲደርስ አባቱ ውድ ሆኖ ይገኛል። ካላሸነፉ ግን ውርንጭላውን ዞር ብሎ የሚያይ አይኖርም።

ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። የድንጉላው ባለቤት ሒሳቡን ይተውለትና ውርንጭላው ሲሸጥ ገንዘቡን ይካፈላሉ፤ ከእኛ ገበሬ የእኩል ውል ብዙ አይርቅም። ጊዜውን ማሳጠር የሚፈልገው ውርንጭላውን ዓመት ሳይሞላው በኖቬምበር ኪልዴር ውስጥ በሚካሄደው የጎፍስ ጨረታ ያወጣዋል። እዚያ የሚጠብቁት «ፒንሁከር» የሚባሉ አትራፊዎች ናቸው። ውርንጭላውን ገዝተው፣ አሥር ወር ያህል ቀልበውና አሳምረው በሚቀጥለው መከር መልሰው ይሸጡታል። የሚያገኙት ትርፍ ገበሬው መሸከም ያልፈለገው የእነዚያ ወራት አደጋ ዋጋ ነው።