በማያውቁት አገር የዓሣ ማጥመጃ ስፍራን ስለ ማግኘት
(ከአርባ ምንጭ ጉብኝታችን የተወሰደ)

አንድ ሰው ወደማያውቀው አገር በሄደ ጊዜ ሐይቁን ለማየት መሪ አያስፈልገውም፤ ዓሣው ያለበትን ስፍራ ለማግኘት ግን ዓይን ብቻ አይበቃውም። ውሃ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስሎ ይታያል፤ ዓሣ ግን በሁሉ ቦታ እኩል ተበትኖ አይኖርም። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ በጋሞ ዞን ዋና ከተማ በአርባ ምንጭ ሰንብተን የተማርነውን መነሻ አድርገን፣ እንግዳ ሰው የማጥመጃን ስፍራ በምን መንገድ ሊያገኝ እንደሚችልና ካገኘውም በኋላ ምን ኃላፊነት እንዳለበት ለመግለጽ እንሞክራለን።

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተቆርቁራ የቀድሞውን የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነት ከደጋይቱ ከጨንቻ ተረክባለች። ስሟንም ያገኘችው ከከተማው ግርጌ ከጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከላይ ከሴቻ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ ሰው ሁለት ሐይቆች ይታዩታል፤ በስተ ሰሜን አባያ፣ በስተ ደቡብ ጫሞ። በመካከላቸው የተዘረጋውን ከፍተኛ መሬት ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። የአባያ ስፋት 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጫሞ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

እኛም የተሳሳትነው ከዚሁ ላይ ነው። ካርታ ዘርግተን ሰፊው ሐይቅ ብዙ ዓሣ ይኖረዋል ብለን ስለ ገመትን፣ መንጠቆአችንን ይዘን ወደ አባያ ዳር ወረድን። እስከ ረፋድ ድረስ ቆመን አንዳችም አልያዝንም። ውሃው እስከ ጉልበታችን ደርሶ ሳለ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ከኋላችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ከውሃው ውጡ!» አሉን። ሰላምታ የሰጡን ከወጣን በኋላ ነበር። «አዞ ባለበት ውሃ ውስጥ እንዲህ አይቆምም» ብለው ከገሠጹን በኋላ፣ ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። «ጋሼ፣ ዓሣ የሚያዝበትን ስፍራ ነው» ብንላቸው ሣቅ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ትናንት በሲቀላ የበላችሁት ዓሣ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ይሁን እንጂ የፍለጋው ትክክለኛ መንገድ በዚህ ጥያቄ ውስጥ እንደ ነበረ ኋላ ተረዳነው።

የመጀመሪያው መንገድ ከገበታው ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ዓሣ ጠብሶ የሚሸጥ ሰው ዓሣውን ከማን እንደ ገዛ ያውቃል፤ ነጋዴውም ከየትኛው ሐይቅና ከየትኛው ጀልባ እንደ ተረከበ ያውቃል። እንዲህ እየጠየቁ ቢሄዱ ጀልባዎች ከሚያርፉበት ዳር ይደረሳል። አስጋሪዎች መረባቸውን ማታ ጥለው ንጋት ላይ ስለሚያወጡት፣ እዚያ መድረስ የሚገባው በማለዳ ነው። ረፋድ ላይ የደረሰ እንግዳ የሚያገኘው የሚሰፋ መረብና ቅርፊት ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሰሙትን ከውሃው ጋር ማመሳከር ነው። የአባያ ውሃ ቀላ ያለና ድፍርስ ነው። ይህም የሆነው ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር፣ ሐይቁ ጥልቀት የሌለው በመሆኑና ነፋስም ስለሚያማታው፣ ሳይዘቅጥ ስለሚቀር ነው። በድፍርስ ውሃ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ርቆ አይገባም፤ ብርሃን ካልገባ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን የውሃ ዕፀዋት አይበዙም፤ እነርሱም ካልበዙ የዓሣው ምግብ ያንሳል። ጫሞ ከአባያ ይልቅ የጠራ ስለ ሆነ፣ በስፋት ቢያንስም ለስፋቱ የሚሰጠው ዓሣ ይበልጣል። የካርታችን ግምት የከሸፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዓሣው ዓይነትም ስፍራውን ይወስናል። ቆሮሶ ጥልቀት የሌለውንና ሣር ያለበትን ዳር ይወዳል። አድጎ የሰው ቁመት ሊያህል የሚችለው ናይል ፐርች ሌሎችን ዓሦች የሚበላ ሲሆን፣ በብዛት የሚፈለገው ከዳር ራቅ ባለው ውሃ ነው። ይህ የዓባይ ዓሣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ውስጥ መገኘቱ፣ እነዚህ ሐይቆች በጥንት ዘመን በቱርካና ተፋሰስ በኩል ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኙ እንደ ነበር ያስረዳል ተብሎ ይታመናል። አምባዛ ደግሞ ጭቃማውን ስፍራና የወንዝ መግቢያን ይመርጣል፤ ዝናብ ሲጥልና ውሃው ዳሩን ሲያጥለቀልቅ ለመራባት ወደዚያ ይወጣል። በአርባ ምንጭ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ስለ ሆነ፣ የአስጋሪው ሥራ ከእነዚህ ወራት ጋር ይለዋወጣል።

ነገር ግን ዓሣን የሚስበው ስፍራ ዓሣ በሎችንም ይስባል። በከተማው በኩል የሚያልፈው የቁልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ የሚገባበት አካባቢ፣ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ ስለሚሞቁበት፣ አዞ ገበያ ተብሎ ይጠራል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው የአበው ብሂል በዚህ አገር ቃል በቃል እውነት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። በጫሞ ጉማሬም አለ፤ ቀስ ብሎ በሚሄደው የዳር ውሃ ደግሞ የቢልሃርዚያ በሽታ ያሠጋል። ስለዚህ እንግዳ ሰው «ዓሣው የት ነው?» ከማለቱ በፊት «የማይገባበት ስፍራ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥያቄ «ስፍራው የማን እንጀራ ነው?» የሚለው ነው። ጋንጁሌ የሚባሉት ሰዎች ቀድሞ በጫሞ ደሴት ላይ ይኖሩ የነበሩና ውሃውን ከማንም አስቀድመው የሚያውቁ ናቸው። ዛሬ ግን በሐይቁ ላይ የተሰማራው አስጋሪ በዝቷል፤ ዓይኑ የጠበበ መረብም ያላደገውን ዓሣ ይጠርጋል፤ ከዚህም የተነሣ የጫሞ ዓሣ፣ በተለይም ናይል ፐርች፣ እየቀነሰ መጥቷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህን የመሰለውን ጉዳት ለመከላከል ነው። ከዚህም በላይ የሐይቆቹ ከፊል በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ስለሚገኝ፣ መንጠቆ ከመጣል በፊት የፓርኩንና የዓሣ ሀብት ባለሥልጣኖችን ማነጋገር ያስፈልጋል። እንግዳው ለመዝናኛ የሚይዛት አንዲት ዓሣ ምን ትጎዳለች የሚል ቢኖር፣ እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ መሆኗን ያስታውስ፤ እርሷ በተያዘች ጊዜ የምትጠፋው አንዲት ዓሣ ብቻ አይደለችም።

በማግስቱ ሽማግሌው በጀልባቸው ይዘውን ወጥተው አንድ ስፍራ አሳዩን። ሁለት ቆሮሶ ያዝን፤ አንደኛው ትንሽ ስለ ነበር ወዲያው መለስነው። የስፍራውን ስም በዚህ መጽሔት ያልገለጽነው ረስተን አይደለም። ለእኛ የአንድ ቀን ደስታ የሆነው ለእርሳቸው የዓመት ቀለብ ስለ ሆነ፣ ያሳዩን ሰው ሳይፈቅዱ ልናወጣው አልወደድንም። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ከጥብሱ ገበታ ተነሥቶ፣ በማለዳ ዳር ደርሶ፣ በአክብሮት ቢጠይቅ እርሱም ያገኘዋል። በዚህ መንገድ የሚደርስ ሰው ከዓሣው ጋር የአገሩን ሰው ያገኛልና፣ ትርፉ ከእኛ ካርታ ይበልጣል።